ለእህቴ የልብ ቫልቭ ቀዶ ሕክምና ዋጋ የምታውቁ እርዱኝ

ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው አራት ኪሎ ነው። የ26 ዓመት እህቴ በልጅነቷ ከያዛት የጉሮሮ ሕመም የመጣ የሩማቲክ የልብ ሕመም አለባት። ሚትራል ቫልቯ (በልብ ግራ በኩል ባሉት ሁለት ክፍሎች መካከል ያለው የደም በር) ጠቧል፣ ደምም ወደ ኋላ ያፈሳል። ስለሚያፈስም በደም ሥር በሚገባ ፊኛ (ባሉን) ማስፋት እንደማይሆንላትና ቫልቩ መቀየር እንዳለበት ሐኪሙ ነግሮናል። በየአራት ሳምንቱ ፔኒሲሊን ትወጋለች። የቤታችንን ስምንት ደረጃ ለመውጣት ሁለት ጊዜ ትቀመጣለች፤ ሌሊት ሦስት ትራስ ደራርባ ቁጭ እንዳለች ታነጋለች።

በጥቁር አንበሳ ግቢ ባለው የልብ ማዕከል ወረፋ ይዘናል። ቀኑ ከራቀ ብለን ሁለት የግል ሆስፒታሎችን ዋጋ ጠየቅን፤ ማወዳደር ግን አቃተን። አንዱ ቫልቩን ጨምሮ ነው የነገረን፣ ሌላው ቫልቩን ለብቻ ግዙ ይላል። የጽኑ ሕሙማን ክፍል ቀናት፣ ደም፣ የልብና ሳንባ ማሽን ዕቃዎች በየትኛው ውስጥ እንደሚታሰቡ አልገባንም። እናቴ ወርቋን ሸጣለች፤ መሐል ላይ ገንዘብ ቢያልቅብን የምንዞርበት የለንም።

ከሁሉ የሚከብደኝ የቫልቩ ምርጫ ነው። የብረቱ ዕድሜ ልክ ዋርፋሪን የሚባል ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒትና ተደጋጋሚ የደም ምርመራ ይፈልጋል፤ መድኃኒቱ ደግሞ ለፅንስ አደገኛ ነው፣ እሷም መውለድ ትፈልጋለች። ከእንስሳ ሕብረ ሕዋስ የሚሠራው በወጣት ላይ ቶሎ ያረጃልና ሌላ ቀዶ ሕክምና ያስከትላል።

በዚህ ያለፋችሁ እባካችሁ ንገሩኝ፦ በመጨረሻ የከፈላችሁት ከተነገራችሁ ዋጋ በምን ያህል በለጠ? በየወሩስ ለመድኃኒትና ለምርመራ ስንት ታወጣላችሁ?