ቴራዞ ላይ የተቀባ አሮጌ ማሸጊያ በምን ይለቃል?

የማርቆስ ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ። ደብረ ማርቆስ ያለው የአባቴ ቤት ሳሎኑ የድሮ ቴራዞ ነው፤ ነጭና ጥቁር ጠጠር ያለው። ከዓመታት በፊት የሚያብለጨልጭ ማሸጊያ ቀብተውት ነበር። አሁን ቢጫ ሆኗል። በሩ አካባቢ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳል፣ ሶፋው ሥር ግን ንቅንቅ አላለም። አንድ ሠራተኛ "አሲድ ድፋበት፣ ባንዴ ይለቃል" አለኝ፣ እናቴ ደግሞ በረኪና ትላለች። ማንን ልስማ?

ጣና ዳር፦
ኧረ ወንድሜ አሲዱን እንዳታስጠጋው! ቴራዞ የእብነ በረድ ስብርባሪና ሲሚንቶ ነው፣ ሁለቱም አሲድ አይችሉም። ጠብ ሲልበት የሚፈላው ድንጋዩ ራሱ ነው። አሲድና በረኪና ከተቀላቀሉ ደግሞ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፣ እሱ ቀልድ አያውቅም።
መጀመሪያ ምን እንደተቀባ እወቅ። ከበሩ ኋላ በጥፍርህ ፋቅ አድርገው፤ ለስልሶ ጥፍርህ ሥር ከገባ ሰም ነው። ካልሆነ ጨርቅ በቲነር ነክረህ ለ10 ደቂቃ አስቀምጥበት። ከተጣበቀ አክሪሊክ የሚባለው ፕላስቲክ መሰል ቅብ ነው። ምንም ካልመሰለው ፖሊዩሪቴን ወይም ኢፖክሲ የሚባሉት ጠንካራ ቅቦች ሊሆን ይችላል፣ እሱ አብዛኛውን ጊዜ በማሽን ነው የሚነሳው።

የማርቆስ ልጅ፦
ተጣበቀ! ቲነሩን ሳሎኑን ሙሉ ልጠቀመው?

ባለ ማሽኑ፣ ቡሬ፦
አይሆንም። ትነቱ ያፍናል፣ እሳትም ይስባል፤ እዚያው ከሰል ላይ ቡና ይፈላል አይደል? ለወለል ተብሎ የሚሸጠውን ማስለቀቂያ ግዛ። ጓንት አድርገህ ትንሽ ትንሽ ቦታ እየያዝክ ቀባው፣ ሳይደርቅ በፕላስቲክ መላጫ አንሳው። ብረት አትጠቀም፣ ይቧጭራል። ከዚያ በንጹሕ ውሃ ደጋግመህ እጠበው፤ ማስለቀቂያው ከቀረ አዲሱ ማሸጊያ አይዝም።
ማሽን ካገኘህ በአልማዝ ዲስክ ከውሃ ጋር ከሻካራው ቁጥር ወደ ለስላሳው፣ 100፣ 200፣ 400፣ 800 እያልክ ውጣ። አንዱን ከዘለልክ የፊተኛው ጭረት እዚያው ይቀራል፣ ፀሐይ በመስኮት ስትገባ ያሳጣሃል። ደረቅ መፋቅ ግን አይሞከርም፣ አቧራው ለሳንባ ጠንቅ ነው።
በክረምት ደግሞ አታሽገው፣ የማርቆስን ጭጋግ ታውቀዋለህ። እርጥበቱ ከሥር ከታፈነ ወለሉ ነጭ ነጭ ይላል። ኅዳር ይሻላል፤ ያውም ብርዱ ለቀቅ ሲል፣ ረፋድ ላይ። ከመቀባትህ በፊት ቁራጭ ላስቲክ ዙሪያውን በፕላስተር ለጥፈህ አሳድረው፤ ጠዋት ከሥሩ ላብ ካየህ ገና ነው።

የማርቆስ ልጅ፦
እናቴ ካላብረቀረቀ አልቀበልም ብላለች 😅

ባለ ማሽኑ፣ ቡሬ፦
ከ800 በኋላ 1500 እና 3000 ጨምርበት፣ ድንጋዩ ራሱ ያበራል። ላዩ ላይ የሚለጠፈውን ተውና ውስጥ የሚሰርገውን ማሸጊያ ቀባው፣ እሱ አይላጥም።

ጣና ዳር፦
ለእማማ ንገርልኝ፦ በኋላ በሎሚም በኮምጣጤም እንዳይወለወል። ጠላ ከተደፋም ሳያድር ይጠረግ፣ እሱም ኮምጣጣ ነው።