የሌላ ሰው ገጸ ባሕርይ ያለፈቃድ ሲገደል አወያዩ ምን ያድርግ?

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው አራት ኪሎ ነው። ዲስኮርድ በሚባለው የመወያያ መተግበሪያ ላይ የገጸ ባሕርይ ጨዋታ ቡድን አለን። እያንዳንዱ ሰው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዞ ታሪኩን በጽሑፍ አብረን እንቀጥላለን። አወያዩ እኔ ነኝ። አሁን ግን ግራ ገብቶኛል።

ባለፈው ሳምንት አንዱ ልጅ የአንዷን ገጸ ባሕርይ ሳያስፈቅድ ገደለባት። ሁለት ዓመት የለፋችበት ነው! እሱ "ታሪኩ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም" ይላል። እሷ ደግሞ ቂም ይዞብኝ ነው ትላለች። እውነቷን ይመስለኛል። ከዚያ በፊት ፒያሳ ቡና ልንጠጣ ተገናኝተን ክፉኛ ሲጨቃጨቁ አይቻለሁ።

መሰዳደብ ሲጀምሩ ሁለቱንም ለ24 ሰዓት እንዳይጽፉ አገድኳቸው። ነገሩ ባሰ። "በዳይና ተበዳይ እኩል ይቀጣል እንዴ?" አለችኝ። ልክ ናት። ዲስኮርድ እስከ 28 ቀን ማገድ ይፈቅዳል፤ ግን ቀን ማርዘም ፍርድ አይሆንም።

የከበደኝ ሌላ ነው። ያለፈቃድ መግደል ክልክል ነው የሚል ደንብ አልነበረንም። ዛሬ ደንብ ባወጣ በትናንቱ ጥፋት ልቀጣው እችላለሁ? ወይስ ሳልቀጣው ትዕይንቱን ብቻ ልሰርዘው? ደግሞ ልጁ የልብ ጓደኛዬ ነው፤ ሌላ ሰው ቢዳኛቸው ይሻል ይሆን?

እንዲህ ያለ ነገር የገጠማችሁ እባካችሁ ንገሩኝ። በተለይ መጀመሪያ ለየብቻ አናግራችኋቸው እንደሆነ። ቀጣዩ ጨዋታ ዓርብ ማታ ነው።