ጥቆማ፦ በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ፣ ለቤተሰብ የሚሆን የሱሺ ቤት

ጠያቂዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ልጃችን በሰኔ ወር ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ትመረቃለች፤ ለምርቃቷ እራት የመረጠችውም ሱሺ፣ ማለትም በኮምጣጤ የተጣፈጠ ሩዝ አብዛኛውን ጊዜ ከጥሬ ዓሣ ጋር የሚቀርብበት የጃፓን ምግብ ነው። ለልደቷ የወሰድናት ቤት ግን በጣም አሳዝኖናል። ሩዙ ከማቀዝቀዣ የወጣ ስለነበር ቀዝቅዞና ጠጥሮ ነበር፤ ዓሣው ውኃ ያቀረረና ጣዕም የሌለው ነበር፤ አስተናጋጁን ስለ አንዳንዶቹ ዓይነቶች ስንጠይቀውም ምን እንደሆኑ ሊነግረን አልቻለም። ሂሳቡ ሲመጣ ደግሞ በርከት ብለን በመምጣታችን ቲፑ አስቀድሞ ተደምሮበት አገኘነው፤ ይህን ሲያስቀምጡን አልነገሩንም። አሁን ከአዲስ አበባ የመጡት እናቴም አብረውን ይሆናሉ። እሳቸው ጥሬ ዓሣ አይቀምሱም፤ ዕለቱም በሐዋርያት ጾም ውስጥ ስለሚውል የጾም ምግብ ሊያገኙ ይገባል። በሞንጎመሪ ካውንቲ ወይም በሰሜን ቨርጂኒያ ልጅም አዋቂም የሚስተናገድበት፣ ዋጋውም አስቀድሞ የሚታወቅ ቤት የምታውቁ ብትጠቁሙኝ በጣም አመሰግናለሁ።

ከዊተን፦
እንኳን ደስ አላችሁ። ለቤተሰብ እንደ እኔ ከሆነ ሳህኖቹ በተንቀሳቃሽ መስመር ላይ እየዞሩ የሚቀርቡበት ቤት ይሻላል። ይህ አሠራር በ1958 በኦሳካ የተጀመረው ሱሺን ለሠራተኛው ሕዝብ በርካሽ ለማቅረብ ነበር፤ ዛሬም በብዙ ቤቶች ዋጋው በሳህኑ ቀለም ስለሚታወቅ በሂሳቡ የሚደነግጥ ሰው አይኖርም። ልጆች ይወዱታል፤ እናትዎም ሳያዝዙ በፊት ምግቡን በዓይናቸው ያዩታል። መጥፎ ጎኑ ሰው በሌለበት ሰዓት ሳህኖቹ ብዙ መዞራቸው ስለሆነ እራት በሚበላበት ሰዓት መሄድ ነው። በአንድ ዋጋ የፈለጉትን ያህል ይብሉ የሚሉትን ቤቶች ግን አልመክርም፤ ሩዙን ያበዙና ዓሣውን ያሳንሳሉ፣ በሳህን ላይ ለተረፈውም ብዙ ጊዜ ያስከፍላሉ። እኛ የምንሄድበትን ቤት ስም በግል እልክልዎታለሁ።

ከአሌክሳንድሪያ፦
ስለ ቤት ምርጫ ከመነጋገራችን በፊት የደረሰብኝን ልናገር፤ ሌላ ሰው እንዲጎዳ አልፈልግምና። ከባለቤቴ ጋር በአካባቢያችን ጥሩ ስም ባለው ቤት ውስጥ ዝርዝሩ ላይ «ነጭ ቱና» ተብሎ የተጻፈውን አዘዝን። ጣዕሙ ቅቤ የመሰለና ለስላሳ ስለነበር ወደድነውና ደገምነው። ሌሊቱን ግን ሁለታችንም ሆዳችን ታሞ አደርን፤ የወጣንም ነገር እንደ ዘይት ያለ ነበር፤ ይህን በመጻፌ ይቅርታ፣ ግን መታወቅ አለበት። በማግሥቱ ደውዬ ዓሣው ምን እንደሆነ ብጠይቅ ኃላፊው «ነጭ ቱና ነው» ከማለት በቀር የተናገረው ነገር የለም። ገንዘቡ አይደለም ያስቆጣኝ። ሰው የሚበላውን የማወቅ መብት አለው፤ ያን መብት በፈገግታ ነፈጉን።

ከፌርፋክስ፦
ወንድሜ፣ የቤቱን ስም ብትናገር ለሁላችንም ጥንቃቄ ይሆነን ነበር።

ከአሌክሳንድሪያ፦
ስሙን አልጽፍም። ዓሣውን በላብራቶሪ አላስመረመርኩም፤ ያላረጋገጥኩትን በአደባባይ በስም ብናገር ደግሞ ፍትሕ አይሆንም። ለጤና ክፍል ግን አመልክቻለሁ።

ከሮክቪል፦
አሌክሳንድሪያ ያሉት ወንድማችን ስሙን ባይጽፉም የትኛውን ቤት እንደሚሉ የገባኝ ይመስለኛል፤ ዝም ማለትም አልቻልኩም። እኔና ቤተሰቤ በዚያ ቤት ለዓመታት ስንበላ አንድም ቀን ታመን አናውቅም። ባለቤቱ የልጆቼን ስም ያውቃል፤ አባቴ ያረፉ ጊዜ ለለቅሶው ምግብ ልኮልናል። እንዲህ ያለ ሰው ሰው አያታልልም። ምናልባት ከዚያ በፊት የበሉት ሌላ ነገር ይሆናል። ለጠያቂዋም የምጠቁመው ይህንኑ ቤት ነው።

ከፌርፋክስ፦
ደግ ጎረቤት መሆንና ዓሣን በትክክለኛ ስሙ መሸጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሁለት ሰዎች አብረው በሉ፣ አብረው ታመሙ፤ እርስዎ ግን ለምስክርነት የሚያቀርቡት ለለቅሶ የተላከ ምግብ ነው። ስሙ እንኳ ስላልተጠቀሰ ቤት ይህን ያህል መከራከር ለማን ይጠቅማል? እባክዎ ስለ ዓሣው የሚያውቁት ነገር ካለ እሱን ይንገሩን።

በምግብ ቤት ወጥ ቤት የሠራ፦
እዚህ ክርክር ውስጥ የምገባው ለማንም ለመወገን አይደለም፤ በጃፓን ምግብ ቤት ማእድ ቤት ውስጥ ስለሠራሁ ለጥያቄው የሚጠቅም ነገር ስለማውቅ ነው።

አሌክሳንድሪያ ያሉት ወንድሜ የገለጹት ምልክት ኤስኮላር የሚባለው ዓሣ የሚያመጣው ነው። ይህ ዓሣ በሥጋው ውስጥ የሰው ሆድ ሊፈጨው የማይችል የሰም ዓይነት ቅባት አለው፤ ትንሽ የበላ ላይሰማው ይችላል፣ ደጋግሞ የበላ ግን እንዳሉት ይሆናል። ጃፓን ሽያጩን ከ1970ዎቹ ጀምሮ ከልክላለች፤ በአሜሪካ ግን አልተከለከለም። ኦሽያና የተባለው የባሕር ጥበቃ ድርጅት በ2013 ባወጣው የዘረ መል ምርመራ፣ በአሜሪካ «ነጭ ቱና» ተብለው ከተሸጡት ናሙናዎች 84 ከመቶው ኤስኮላር ሆነው ተገኝተዋል። ከሱሺ ቤቶች ከተወሰዱት ናሙናዎችም 74 ከመቶው በተሳሳተ ስም የተሸጡ ነበሩ። ስለዚህ የሮክቪሏ እኅቴ የሚያውቁት ባለቤት ቅን ሰው ሆኖ ሳለ እሱ ራሱ ከአቅራቢው የተታለለ ሊሆን ይችላል። ለማንኛውም በዝርዝር ላይ «ነጭ ቱና» የሚል ካዩ ዓሣው በትክክል ምን እንደሆነ ይጠይቁ፤ መልስ ካላገኙ ይለፉት።

ሁለተኛው ነገር ትኩስነት የሚባለው ነው። እኛ ጥሬ ሥጋ የምንመዝነው ዛሬ በመታረዱ ስለሆነ ዓሣንም በዚያው መስፈርት እንመዝነዋለን፤ በዚህ ግን እንሳሳታለን። በጥሬ ሥጋ የኮሶ ትል እንደሚያሠጋን ሁሉ በጥሬ ዓሣም አኒሳኪስ የሚባል ትል ያሠጋል፤ እሱን የሚገድለው ብርድ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ያወጣው የምግብ ደንብ በጥሬው የሚበላ ዓሣ ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ7 ቀን፣ ወይም ከዜሮ በታች በ35 ዲግሪ ድርቅ ብሎ ከቀዘቀዘ በኋላ በዚያው ብርድ ለ15 ሰዓት እንዲቆይ ያዝዛል። አንዳንድ የቱና ዝርያዎችና ቁጥጥር በተደረገበት መኖ ያደጉ የእርባታ ዓሣዎች ከዚህ ነጻ ናቸው። እንግዲህ «ዓሣችን በረዶ አይቶ አያውቅም» ብሎ የሚኩራራ ቤት ስለ ዱር ሳልሞን የሚናገር ከሆነ ሊያስፈራን እንጂ ሊያስደስተን አይገባም። «የሱሺ ደረጃ ያለው ዓሣ» የሚለው ጽሑፍም በሕግ የተወሰነ ትርጉም የለውም፤ ማንም ነጋዴ ሊለጥፈው ይችላል። ጠያቂዋ ያዩት ውኃ ያቀረረ ዓሣ ስሕተቱ መቀዝቀዙ ነው ብዬ አላምንም፤ ችኩል አቀላለጡ ነው የሚያበላሸው። በማቀዝቀዣ ውስጥ ቀስ ብሎ የቀለጠ ዓሣ ሥጋው እንደጠበቀ ይቆያል።

ከሁሉ በላይ ግን ሩዙን ይመልከቱ። ጥሩ ቤት ሩዙን በሩዝ ኮምጣጤ፣ በስኳርና በጨው አጣፍጦ ወደ ሰውነት ሙቀት በተጠጋ ለብታ ያቀርበዋል። ኮምጣጤው ጣዕም ብቻ አይደለም፤ ሩዙ በበቂ ሁኔታ ሲኮመጥጥ ተህዋስያን ስለማይራቡበት ከማቀዝቀዣ ውጭ መቆየት ይችላል። ቀዝቃዛና ጠጣር ሩዝ የሚሰጥ ቤት ወይ አስቀድሞ ሠርቶ አስቀምጦታል፣ ወይ የኮምጣጤውን መጠን አያምነውም። እኔ አዲስ ቤት ስገባ መጀመሪያ የማዝዘው ርካሹን የኪያር ጥቅል ነው፤ እዚያ ላይ ሩዙን የሚደብቅ ነገር የለም።

ከቦዊ፦
ስለ ጾሙ አንድ ነገር ልጨምር። ዓሣ በጾም ይበላል የሚሉ ወገኖች ስላሉ እናትዎም ሊበሉ ይችላሉ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
እባክዎ እናቶቻችንን እንዲህ በቀላሉ አንምከር። አብዛኞቹ አባቶቻችን የሚያስተምሩት በጾም ዓሣ እንደማይበላ ነው፤ ልዩነት ካለም የሚዳኘው የንስሐ አባት ነው። ከዚያም ሌላ ብዙዎቻችን ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የባሕር ፍጥረት በጾምም በፍስክም አንበላም፤ ስለዚህ ሽሪምፕ፣ ሸርጣንና ኦክቶፐስ ለእሳቸው ሳህን ላይ ባይወጡ መልካም ነው። ርካሽ ጥቅሎች ውስጥ ያለው «ክራብ» አብዛኛውን ጊዜ ከተፈጨ ነጭ ዓሣ፣ ከስታርችና ከእንቁላል ነጭ የሚሠራ ነው፤ እሱም ለጾም አይሆንም።

ከላንግሊ ፓርክ፦
ይህ ሁሉ ጭንቀት ለምን? ቤት ውስጥ ሥሩት። አጭር ፍሬ ያለው ሩዝ፣ የባሕር አረም፣ ኮምጣጤና አቮካዶ በማንኛውም የኮሪያ ገበያ ይገኛል፤ ልጆቹም ራሳቸው እየጠቀለሉ ይደሰታሉ። ሩዙን ውኃው እስኪጠራ ማጠብን አትርሱ።

ከሮክቪል፦
ማብራሪያውን አንብቤያለሁ፤ ዕውቀትዎን አከብራለሁ። ቢሆንም ያ ቤት እንዲህ ያደርጋል ብዬ አላምንም። በመጪው ቅዳሜም ልጆቼን ይዤ እሄዳለሁ።

ከአሌክሳንድሪያ፦
ይሂዱ እኅቴ፣ እግዚአብሔር በጤና ይመልሳችሁ። ነጩን ቱና ግን ለልጆቹ አያዝዙላቸው፤ ይህን ብቻ እለምንዎታለሁ።

ጠያቂዋ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የዊተኑ ወንድሜ የላኩልኝን ስም ተቀብያለሁ፤ ልጄም ዝርዝሩን እያየች ነው። ቤት ውስጥ መሥራት ደስ ይለኝ ነበር፤ ሆኖም ልጄ ለዚህ ቀን አንድም ሰው ማእድ ቤት እንዳይቆም ትፈልጋለች። አንድ ነገር ልጠይቅ፦ እናቴ ትኩስ ሾርባ ይወዳሉ፤ ከአኩሪ አተር የሚሠራው ሚሶ ሾርባ ለጾም ይሆናል?

በምግብ ቤት ወጥ ቤት የሠራ፦
አይሆንም። ሚሶው ራሱ ከአኩሪ አተር ቢሠራም የሚበጠበጥበት ውኃ አብዛኛውን ጊዜ ዳሺ ነው፤ ዳሺ ደግሞ ከደረቀ ቦኒቶ ዓሣና ከባሕር አረም የሚወጣ መረቅ ነው። ኢናሪ የሚባለው በተጠበሰ ቶፉ (ከአኩሪ አተር በሚሠራ አይብ መሰል ምግብ) የተሸፈነ ሩዝም ብዙ ጊዜ በዚሁ መረቅ ይቀቀላል፤ ቴምፑራ የሚባለው ጥብስ በሚነከርበት ሊጥ ውስጥም እንቁላል ሊኖር ይችላል። ለእናትዎ የኪያርና የአቮካዶ ጥቅል፣ በጨው የተቀቀለ ኤዳማሜ የሚባል እሸት አኩሪ አተርና ትኩስ አረንጓዴ ሻይ ይዘዙላቸው። ሾርባ የግድ ካስፈለገ ጠረጴዛ በስልክ ሲይዙ በባሕር አረም ብቻ የተሠራ መረቅ ሊያዘጋጁ ይችሉ እንደሆነ ይጠይቁ፤ ቀድሞ ከተነገራቸው የሚያዘጋጁ ቤቶች አሉ። በዚያው ስልክ ለብዙ ሰው ቲፕ ይደምሩ እንደሆነና ስንት ከመቶ እንደሆነም ይጠይቋቸው። የሞንጎመሪ ካውንቲም ሆነ የቨርጂኒያ ጤና ክፍል የምግብ ቤቶችን የምርመራ ውጤት በድረ ገጽ ስለሚያወጡ የቤቱን ስም አስገብተው ይመልከቱ፤ በተለይ ስለ ማቀዝቀዣ ሙቀት የተጻፈ ጥሰት ተደጋግሞ ካለ ሌላ ቤት ይፈልጉ።