ይርጋ የደራሲን ስም ይፍቃል? የቲንኤጀርስ ዘፈን ክርክር

የድሮ ሙዚቃ ወዳጅ፦
በ1956 አምስት የኒውዮርክ ልጆች «ዋይ ዱ ፉልስ ፎል ኢን ላቭ»ን አወጡ። ፍራንኪ ላይመን፣ ኸርማን ሳንቲያጎ፣ ጂሚ መርቻንት፣ ጆ ኔግሮኒና ሸርማን ጋርንስ። ቲንኤጀርስ የሚባሉት የዱ-ዎፕ፣ ማለትም በድምፅ ቅንጅት የሚዘፈን ሙዚቃ ቡድን ናቸው። መሪ ድምፃዊው ላይመን ገና 13 ዓመቱ ነበር። ዘፈኑ እንግሊዝ ድረስ ሄዶ አንደኛ ሆነ። በ1992 የፌዴራል ፍርድ ቤት ጁሪ ሳንቲያጎና መርቻንት አብረው እንደደረሱት አመነ። በ1996 ግን ይግባኝ ሰሚው ውሳኔውን ሻረው። በ3 ዓመት ውስጥ አልከሰሳችሁም፣ ይርጋ (የክስ ማቅረቢያ ጊዜ ገደብ) አግዶታል አለ። እኔ ይህ ግፍ ነው እላለሁ። እናንተስ?

ሕግ አዋቂ፦
ወንድሜ፣ አትቸኩል። ይግባኝ ሰሚው «አልጻፋችሁም» አላለም። የዘገየ ክስ አልቀበልም ነው ያለው። ክሱ የተጀመረው በ1987 ነው። ላይመን በ1968 በ25 ዓመቱ ሞቷል። የሪከርድ ኩባንያው ባለቤት ጆርጅ ጎልድነርም ከክሱ በፊት አርፏል። ማን ይመስክር? ይርጋ የሌለበት አገር ማንም በንብረቱ ተረጋግቶ አይተኛም።

የኳየር ልጅ፦
ከሕጉ በፊት ዘፈኑን ስሙት። መጀመሪያ የሚመጣው የጋርንስ ባስ ነው፤ ብቻውን፣ ቃል በሌለው ድምፅ። ከዚያ ሌሎቹ ይገባሉ፣ ላይመን ከላይ ይወጣል። እንዲህ ያለ ዜማ አንድ ሰው ወረቀት ላይ ጽፎ አያድለውም። አብሮ እየዘፈኑ፣ አንዱ የሌላውን እያነሳ ነው የሚሠራው። ኳየር ውስጥ ያደገ ሰው ይህን አያጣውም። ታዲያ ዛሬም በደራሲነት የተመዘገበው ማን ነው? ላይመንና ሞሪስ ሌቪ! ሌቪ ነጋዴ ነበር። መጀመሪያ ጎልድነር ስሙን አስገባ፤ ኩባንያዎቹን ለሌቪ ሲሸጥ ቦታው ለሌቪ ሆነ። ልጆቹ ሲዘፍኑት ሌቪ የት ነበር?

የድሮ ሙዚቃ ወዳጅ፦
ተባረኪ! አንድ ነገር ልጨምር። ሳንቲያጎና መርቻንት ለምን ዘገያችሁ ሲባሉ ዛቻ ፈርተን ነው ብለዋል። ሌቪ በ1988 በማስፈራራት ገንዘብ ለመቀበል በማሴር ጥፋተኛ የተባለ ሰው ነው። ሰፈር ውስጥ ያደገ ጎረምሳ ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር ፍርድ ቤት ይቆማል?

ሕግ አዋቂ፦
ዛቻው ከባድ ነገር ነው፤ አልክድም። ግን 30 ዓመት ሙሉ ጠበቃ ጋ መሄድ አይቻልም ነበር ማለት ይከብደኛል። ደግሞ በሌላ ወገን የላይመን ሚስት አለች። ሦስት ሴቶች ሚስቱ ነኝ ብለው ሲሟገቱ ኖረው በመጨረሻ ኤሚራ ኢግል ረታች። እሷ ከማንም አልሰረቀችም።

የኳየር ልጅ፦
እሷን ማን ነካት? የላይመን ድርሻ ለላይመን ወገን ይሁን። እኔ የምለው የሌቪን ቦታ ነው። ያለፈውን ገንዘብ ይርጋ ይብላው፣ እሺ። ስሙን ግን ለምን?

ሕግ አዋቂ፦
ምክንያቱም በዚያ ሕግ ስምና ገንዘብ አይነጣጠሉም። ደራሲ ነህ ከተባልክ ሮያሊቲው፣ ማለትም ከዘፈኑ የሚገኘው የደራሲ ክፍያ ይከተልሃል።

የድሮ ሙዚቃ ወዳጅ፦
ይከተላቸው! ከከሰሱበት ቀን ጀምሮ ይቆጠር። ከዚያ በፊት ያለውን የበላ በልቶታል። ዘፈኑ ግን በ1981 ዳያና ሮስ ደግማው እንደገና ተሸጧል፣ ዛሬም ይሸጣል።