ሰሜን አሜሪካ የወረዱት ከ400 ሺህ ካነሱ፣ በ1860 አራት ሚሊዮን ሰው በባርነት እንዴት ተገኘ?

ማዶ ያለሁ (ጠያቂ)

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ልጄን በታሪክ የቤት ሥራዋ ሳግዛት ሁለት ቁጥሮች አልታረቁልኝም። በአትላንቲክ የባሪያ ንግድ ከአፍሪካ ከተጫኑት 12.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መካከል ዛሬ ዩናይትድ ስቴትስ በምንላት ምድር የወረዱት 390 ሺህ ገደማ ሲሆኑ፣ ብራዚል የወረዱት ግን 4.9 ሚሊዮን ይጠጋሉ። ይሁን እንጂ በ1860 በተደረገው የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ በባርነት የተመዘገቡት ወደ አራት ሚሊዮን ይደርሳሉ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከጠቅላላው ከመቶ አራት እጅ እንኳ ያልደረሳት አገር ይህን ያህል ሰው ከየት አመጣች? ከቁጥሮቹ አንዱ ተሳስቶ ይሆን ወይስ ያልገባኝ ነገር አለ?

የማኅደር ሰው

ሁለቱም ቁጥሮች ትክክል ናቸው። እንዲያውም እንቆቅልሹ ይበልጥ የሚፈታው ከአሜሪካ ይልቅ ጃማይካን ሲመለከቱ ነው። በዚያች ትንሽ ደሴት ከአንድ ሚሊዮን የማያንሱ አፍሪካውያን ወርደዋል፤ ባርነት በሕግ በተሻረበት በ1834 ግን በሕይወት የተገኙት በባርነት የነበሩ ሰዎች 310 ሺህ ገደማ ብቻ ነበሩ። እንግዲህ መጠየቅ ያለበት አሜሪካ ውስጥ ለምን በዙ የሚለው ብቻ አይደለም፤ ሌሎቹ የት ደረሱ የሚለውም ነው።

መልሱ በአመዛኙ ሸንኮራ አገዳ ውስጥ ይገኛል። አገዳ ከተቆረጠ በኋላ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ካልተጨመቀ ጭማቂው ስለሚበላሽ፣ በአጨዳ ወራት ወፍጮውና የማፍያው ቤት ሌት ተቀን ያለ ዕረፍት ይሠሩ ነበር፤ እንቅልፍ ያሸነፈው ሠራተኛ እጁ በመጭመቂያው ጥርስ ይያዝ ነበር። በዚህ ላይ ረኃቡና በሽታው ሲታከል የሚሞተው ከሚወለደው በለጠ። ባለ እርሻዎቹም ሕፃን አሳድጎ ለሥራ ከማድረስ ይልቅ አዲስ ሰው መግዛት ይረክሳል ብለው ያሰሉ ነበርና መርከቦቹ መምጣታቸውን አላቋረጡም። ብራዚል ደግሞ ከአንጎላው የሉዋንዳ ወደብ የምትርቀው ከሌሎቹ ባነሰ መንገድ ስለነበር «መተኪያ» ማስመጣቱ ቀለላት። ከተጫኑት ሰዎች አብዛኞቹ ወንዶች መሆናቸውም ልደቱን አሳንሶታል።

በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ግን ዋናው ሰብል ትምባሆ ነበር። ሥራው ጨካኝ ቢሆንም የሸንኮራውን ያህል ገዳይ አልነበረም፤ የሴቶቹም ቁጥር ከወንዶቹ ጋር እየተቀራረበ ሄደ፤ ስለዚህ በ18ኛው መቶ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ልደት ሞትን በለጠ።

መምህርት ነኝ

የላይኛው አስተያየት ሰጪ ያሉትን እቀበላለሁ፤ ሆኖም «ልደት በለጠ» የሚለው አነጋገር ነገሩን የተፈጥሮ ጉዳይ ያስመስለዋል። የቨርጂኒያ ምክር ቤት በ1662 ባወጣው ሕግ፣ ሕፃን ነፃ ወይም ባሪያ መሆኑ የሚወሰነው በእናቱ ሁኔታ እንዲሆን ደነገገ። በእንግሊዝ ልማድ ልጅ የአባቱን ወገን ይከተል እንደነበር ሲታሰብ፣ ሕጉ ለማን ጥቅም እንደወጣ ግልጽ ነው፤ ባለቤቱ ራሱ ከባሪያይቱ የወለደው ልጅ እንኳ ንብረቱ ሆኖ ቀረ።

ከ1808 ጀምሮ ባሪያ ከውጭ ማስገባት ሲከለከል ይህ ሕግ ዋጋው ናረ። በ1793 የተፈለሰፈው የጥጥ መዳመጫ ጥጥን ትርፋማ ስላደረገው፣ አላባማ፣ ሚሲሲፒና ሉዊዚያና ሰው ፈለጉ፤ ቨርጂኒያና ጎረቤቶቿም ሰው ሻጮች ሆኑ። እስከ 1860 ድረስ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰዎች፣ ከፊሎቹ በሰንሰለት ታስረው በእግር፣ ከፊሎቹ በመርከብ ወደ ደቡብ ተወስደዋል። ይህ ቁጥር ከአፍሪካ በቀጥታ ከመጡት ከእጥፍ በላይ ነው። ልጅዎ ከውቅያኖሱ ንግድ አጠገብ ይህን የአገር ውስጥ ንግድ ብትጽፍ መልካም ይመስለኛል።

አጥኚ 7

ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ሸንኮራ ብቻውን ሁሉን አይገልጽም፤ ባርቤዶስ የሸንኮራ ደሴት ሆና ሳለ በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ልደቷ ከሞቷ በልጦ ነበር። ንግዱ ቀደም ብሎ የጀመረባትና አብዛኛው ሰው እዚያው የተወለደ ስለነበር ነው።

ሁለተኛ፣ ጠያቂው የያዙት ቁጥር በመርከብ የተጫኑትና ከመርከብ የወረዱት ሰዎች ቁጥር ብቻ መሆኑ አይዘንጋ። ተመራማሪዎች 36 ሺህ ያህል ጉዞዎችን ከወደብ፣ ከቀረጥና ከኢንሹራንስ መዝገብ ለቅመዋል። ከተጫኑት 12.5 ሚሊዮን መካከል በሕይወት የወረዱት 10.7 ሚሊዮን ገደማ ናቸው፤ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ሲነዱ በመንገድ የሞቱትና በወደብ ምሽጎች ውስጥ የጠፉት በዚህ ውስጥ የሉም። መዝገቡ እንዲህ የተሟላው ሰው እንደ ዕቃ ይቆጠር ስለነበር ነው። በ1781 ዞንግ በተባለችው መርከብ ላይ ባሕረኞቹ «ውኃ አነሰን» በሚል ሰበብ ከ130 በላይ ሰዎችን ወደ ባሕር ወረወሩ፤ ባለ መርከቦቹም ለእያንዳንዱ 30 ፓውንድ እንዲከፈላቸው ኢንሹራንሱን ጠየቁ። በለንደን ችሎት የተከራከሩት ስለ ግድያ አልነበረም፤ ስለ ካሳው ነበር።

ማዶ ያለሁ (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ልጄ የጃማይካውን ቁጥር ከአሜሪካው ጎን አስፍራዋለች። አንድ ነገር ቀረን፤ ከ1808 በኋላ በድብቅ የገባው ሰው ሒሳቡን አያዛባም?

የማኅደር ሰው

እምብዛም አያዛባም። በድብቅ መግባቱ እውነት ቢሆንም ከሚሊዮኖቹ አንጻር ጥቂት ነው። እስካሁን ከሚታወቁት የባሪያ መርከቦች የመጨረሻዋ ክሎቲልዳ ስትሆን፣ በ1860 ወደ 110 የሚሆኑ ሰዎችን ከዳሆሜ (ዛሬ ቤኒን) ምድር፣ ከዊዳ ወደብ ጭና አላባማ ውስጥ ሞቢል አጠገብ አወረደች፤ ባለቤቶቹም ወንጀሉ እንዳይታወቅ አቃጥለው አሰጠሟት። ስብርባሪዋ ተለይቶ የታወቀው በ2019 ነው። ከነጻነት በኋላ እነዚያ ሰዎች መሬት ገዝተው አፍሪካታውን የተባለውን ሰፈር ቆረቆሩ፤ ዛሬም ዘሮቻቸው እዚያ ይኖራሉ።