ፖላራይዝድ ብርሃንና ላሚናር ፍሰት፦ ንጽጽሩ እስከ የት ያስኬዳል?

ጨረር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ፖላራይዝድ ብርሃንን (የሞገዱ ንዝረት አቅጣጫ ሥርዓት የያዘውን) ከላሚናር ፍሰት (በንብርብር ሳይደባለቅ ከሚሄደው)፣ ፖላራይዝድ ያልሆነውን ከተርቡለንት ፍሰት (በአዙሪት ከሚናወጠው) ጋር አነጻጽሮ ማስረዳት ያስኬዳል? አንዱ ሥርዓት የያዘ፣ ሌላው የተዘበራረቀ ነውና። ለብርሃንስ እንደ ሬይኖልድስ ቁጥር (ፍሰት ላሚናር ወይስ ተርቡለንት እንደሚሆን የሚጠቁመው ቁጥር) ያለ ነገር አለ?

ቧንቧ፦
ለመግቢያ ያህል ይሁን። ከዚያ ካለፈ ግን ያሳስታል፤ ምክንያቱም ዝብርቅርቁ የሚመጣበት መንገድ ለየቅል ነው።

የውስጥ ዲያሜትሩ 20 ሚሜ በሆነ ቧንቧ ውሃ በሰከንድ 0.1 ሜትር ሲሄድ የሬይኖልድስ ቁጥሩ 2000 አካባቢ ነው፤ ላሚናር። ፍጥነቱን 0.3 አድርሰው፣ 6000 ይሆናል። ውሃውም ቧንቧውም ያው ነው፣ ፍሰቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ተርቡለንት ይሆናል (በቧንቧ ውስጥ ድንበሩ 2300 ገደማ ነው)። የፍሰት እኩልታ መስመራዊ ስላልሆነ (እንቅስቃሴዎቹ ዝም ብለው አይደመሩም፣ አንዱ ሌላውን ይነካል) ትንሿ መናወጥ ከራሱ ከፍሰቱ ጉልበት እየወሰደች ታድጋለች።

ብርሃን በባዶ ቦታ የሚከተለው እኩልታ መስመራዊ ነው፤ አንዱ ሞገድ በሌላው ውስጥ ሳይነካው ያልፋል። ፖላራይዝድ ጨረር ድምቀቱ ስለጨመረ ብቻ አይዘበራረቅም። የአምፑል ብርሃን ፖላራይዝድ ያልሆነው ገና ከምንጩ፣ አተሞቹ ሳይቀናጁ እየብቻቸው ስለሚያበሩ ነው። ስለዚህ ለብርሃን የሬይኖልድስ ቁጥር አቻ የለውም።

ሌንስ፦
መለኪያ ከተፈለገ የፖላራይዜሽን መጠን አለ፤ ከ0 እስከ 1። ፖላራይዘሩን (በአንድ አቅጣጫ የሚነዝረውን ብርሃን ብቻ የሚያሳልፈውን ማጣሪያ) በብርሃን ዳሳሽ ፊት እያዞርክ ትልቁንና ትንሹን ንባብ መዝግብ፤ ልዩነታቸውን ለድምራቸው አካፍል። የክፍሉን መብራት ሳታጠፋ ከለካህ ትንሹ ንባብ ከፍ ይልና ውጤቱ ዝቅ ይላል።

ወጥመዱ ክብ ፖላራይዜሽን ነው፤ የንዝረቱ አቅጣጫ በሥርዓት የሚዞርበት። ፖላራይዘሩን ብታዞረው ንባቡ አይለወጥም፣ ስለዚህ 0 ይሰጥሃል፤ ብርሃኑ ግን ፍጹም ሥርዓት ያለው ነው። ከፖላራይዘሩ በፊት ሩብ ሞገድ ፕሌት (ክቡን ወደ ቀጥታ ፖላራይዜሽን የሚለውጥ ስስ ሳህን) አስገብተህ እሱንም አዙረው፤ በአንድ ቦታ ላይ ንባቡ ዜሮ አጠገብ ከደረሰ ክብ ነበር ማለት ነው። (ስሙ «ክብ» ስለሆነ ከአዙሪት ጋር የሚያዛምዱት ብዙ ናቸው። አይገናኝም።)

ማጣሪያውም ላይ ልዩነት አለ። እንከን የለሽ ፖላራይዘር ፖላራይዝድ ካልሆነ ብርሃን ግማሹን ያስቀራል። በነፋስ መሞከሪያ ዋሻ የሚገባው የማር እንጀራ ቅርጽ ያለው ወንፊት ግን አየሩን አያስቀርም፤ የጎን እንቅስቃሴውን ነው የሚያረግበው።

ጨረር፦
ገባኝ፣ አመሰግናለሁ። ሁለቱን በአንድ ሙከራ ማሳየት ይቻላል?

ቧንቧ፦
ይቻላል፣ እንዲያውም ከንጽጽሩ ይሻላል። የሴሉሎስ ናኖክሪስታል (ከዕፅዋት ሴሉሎስ የሚገኙ እጅግ ደቃቅ ዘንግ መሳይ ቅንጣቶች) 1% ገደማ በተጣራ ውሃ በጥብጥ። በጠፍጣፋ የብርጭቆ ዕቃ አድርገህ በ90 ዲግሪ በተሻገሩ ሁለት ፖላራይዘሮች መካከል አስቀምጠው፤ ከኋላ ነጭ መብራት። ረግቶ ሲቆም ጨለማ ነው። ስታማስለው ዘንግ መሳይ ቅንጣቶቹ በፍሰቱ ይሰለፋሉ፣ ድርብ ስብረት (የብርሃን ፍጥነት እንደ ንዝረቱ አቅጣጫ መለያየት) ይፈጠራል፣ ፍሰቱ በብርሃን ተስሎ ይታያል።

የፕላስቲክ ዕቃ አትጠቀም፤ ሲመረት ውስጡ የቀረው ውጥረት የራሱን ቀለም ያሳያል። የቧንቧ ውሃም አይሆንም፤ ጨው ቅንጣቶቹን ያጣብቃል። ፈሳሹ እየፈሰሰ ጥቁር ሆኖ የሚቀር ቦታ ካየህ «እዚህ ቆሟል» ብለህ አትደምድም፤ ቅንጣቶቹ ከአንዱ ፖላራይዘር ዘንግ ጋር ትይዩ ቢሆኑም ይጨልማል። ሁለቱንም ፖላራይዘሮች አንድ ላይ 45 ዲግሪ አዙር፣ ያኔ ይበራል።

ሬይኖልድስ ቁጥሩን ስታሰላ የብጥብጡን ቪስኮሲቲ (ለመፍሰስ ያለውን እምቢታ) ውሰድ እንጂ የውሃውን አይደለም፤ ከውሃ ይወፍራልና።