ሒሳብ 790፣ ንባብ 540፦ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች የቱን ይመልከቱ?

ቀመር፦
ጥያቄዬን በቀጥታ ላቅርብ። እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻዋ ያልሆነ አንዲት ተማሪ አለች እንበል። በኤስኤቲ (በአሜሪካ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ) ፈተና ሒሳብ 790 አመጣች፤ ከ800 ማለት ነው። ንባብና ጽሑፍ ላይ ግን 540። አሜሪካ ላሉት እንደ ኤምአይቲ፣ ካልቴክና ጆርጂያ ቴክ ላሉ ዩኒቨርሲቲዎች ማመልከት ትፈልጋለች። 540 የምትለዋን ቁጥር ዓይተው ማመልከቻዋን ወደ ጎን ቢያደርጉት ልክ ናቸው ወይስ አይደሉም?

እኔ ልክ አይደሉም ባይ ነኝ። 540 ያነሰ የሚመስለው ከ790 አጠገብ ስለተቀመጠ ነው። እ.ኤ.አ. የ2023 አሜሪካ ተመራቂዎች በዚሁ ክፍል ያመጡት አማካይ ውጤት 520 ነበር። ልጅቷ በሰው ቋንቋ ተፈትና የባለቤቶቹን አማካይ በልጣለች።

ብራና፦
ቀመር ወንድሜ፣ አማካዩን ተወውና ከማን ጋር እንደምትወዳደር እይ። ኤምአይቲ የሚገቡት አብዛኞቹ በንባቡም ከ700 በላይ ያላቸው ናቸው። እኔን የሚያሳስበኝ ደግሞ ከገባች በኋላ ያለው ነው። ሰው ቴክኖሎጂ ሲባል ቁጥር ብቻ ይመስለዋል። ኤምአይቲ ለመመረቅ 8 የሰብአዊነት፣ የሥነ ጥበብና የማኅበራዊ ሳይንስ ኮርሶች መውሰድ ግዴታ ነው። ጽሑፍና ንግግር ላይ የሚያተኩሩ 4 ኮርሶችም አሉ። ከእነሱ ሁለቱ እዚያው ተማሪው የሚመረቅበት ትምህርት ክፍል ውስጥ ናቸው።

እኔ ጽሑፍ አስተምራለሁ። አንዱን ምዕራፍ ለማንበብ ከጓደኞቹ ሦስት እጥፍ ሰዓት የሚፈጅበት ተማሪ ነበረኝ። ሒሳቡ አልከበደውም። እንቅልፍ አጥቶ ነው የተጎዳው። ድጋፍ ሳያዘጋጁ እንዲህ ያለውን ልጅ መቀበል ደግነት አይመስለኝም።

ሽቦ፦
እህቴ ብራና፣ ያ ተማሪ እኔ ልሆን እችል ነበር። በሒሳብና በንባብ ውጤቴ መካከል ከ200 በላይ ልዩነት ነበር። ተቀበሉኝ።

የመጀመሪያውን የኤሌክትሪክ ላብ (ቤተ ሙከራ) ሪፖርቴን እስከ ዛሬ አልጣልኩትም። ሠንጠረዡ ልክ ነው፤ ግራፉም ልክ ነው። ከግራፉ ሥር የጻፍኩት ሁለት አጭር ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። «ቮልቴጁ ጨመረ። ሬዚስተሩ ሞቀ።» በቀይ እስክሪብቶ «ለምን?» ተብሎ ተጽፎበታል። ከሥሩ ደግሞ «ታዲያስ?» ይላል። መልሱን እኮ አውቀዋለሁ። ሬዚስተሩ ሲሞቅ ሬዚስታንሱ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ፍሰትን የመግታት አቅሙ፣ ስለሚቀየር ነው ቀጥ ማለት የነበረበት መስመር የጎበጠው። በቋንቋዬ ብትጠይቁኝ አንድ ገጽ እሞላላችሁ ነበር። ያጠሩኝ እንደ «ስለዚህ» እና «ምክንያቱም» ያሉ ማያያዣዎች ናቸው። በሳምንት ሁለት ቀን የጽሑፍ ማዕከሉ ደጃፍ ላይ ነበርኩ። በሁለተኛው ሴሚስተር መጨረሻ ሪፖርቶቼ ቀይ ሳይነካቸው መመለስ ጀመሩ።

አብሮኝ የገባ ልጅ ደግሞ የእኔ ተቃራኒ ነበር። ንባቡ ድንቅ፣ ሒሳቡ የሳሳ። ፊዚክሱን ሁለት ጊዜ ወሰደው፤ በመጨረሻ የትምህርት መስኩን ቀየረ። በጣም ጎበዝ ልጅ ነበር፤ እስካሁን ያሳዝነኛል። የሁለታችንም ውጤት «ያልተመጣጠነ» ነው የሚባለው። ግን አንድ ዓይነት ክፍተት አይደለም። የእኔ በአንድ ዓመት ሞላ። የእሱ ሥሩ ከታች ክፍል የጀመረ ነበር።

ጥቁር ሰሌዳ፦
ልጆች፣ ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩ ሰው ነኝና ጥቂት ልበል። ሽቦ ያለው እውነት ነው። ኤምአይቲ በኮቪድ ጊዜ የፈተና ግዴታውን ትቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2022 መለሰው። ያኔ የሰጡት ምክንያት፣ ውጤቱ፣ በተለይም የሒሳቡ፣ ተማሪው እዚያ ይዘልቃል ወይ የሚለውን በደንብ ለመገመት ይረዳል የሚል ነው። እዚያ የገባ ሁሉ፣ ምንም ቢያጠና፣ ሁለት ሴሚስተር ካልኩለስና ሁለት ሴሚስተር በካልኩለስ የሚሠራ ፊዚክስ ይወስዳል። ካልቴክም በ2024 ፈተናውን መልሶ ግዴታ አደረገ።

ግን እናንተ በሁለቱ ክፍሎች መካከል አጥር አጠራችሁ። የሒሳቡም ፈተና እኮ በእንግሊዝኛ ነው። አንድ ተማሪዬ «አት ሞስት 12» (ቢበዛ 12) የሚለውን «12 እና ከዚያ በላይ» ብሎ ፈታው። ሞስት የምትለዋን ቃል የሚያውቃት «ብዙ» በሚለው ትርጉሟ ነው። የ«ያንሳል» ምልክቷ ወደ «ይበልጣል» ተገለበጠች። ከዚያ በታች ያለው ስሌት አንድ ስሕተት የለውም፤ መልሱ ግን ስሕተት ሆነ። በዲጂታሉ ኤስኤቲ ይህ የባሰ ይጎዳል። እያንዳንዱ ክፍል ሞጁል በሚባሉ ሁለት ግማሾች ይሰጣል፤ በመጀመሪያው ሞጁል ላይ በርከት ያለ ጥያቄ ከሳትክ ሁለተኛው ቀለል ያለው ይመጣልሃል፤ በዚያ ሁሉንም ብትመልስ እንኳ ጣሪያው ላይ አትደርስም።

790 ያመጣችው ልጅ ይህን ሁሉ አልፋ ነው። ሒሳቡን ለመሥራት የሚያስፈልገውን እንግሊዝኛ አንብባ ተረድታለች ማለት ነው። የንባቡ ክፍል 54 ጥያቄ በ64 ደቂቃ ነው። እዚያ ላይ የሚጥላት ፍጥነትና የቃላት ረቂቅ ልዩነት ይመስለኛል።

ቀመር፦
መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። እኔን የሚያንገበግበኝ ቀድሞ መውጫ መንገድ መኖሩ ነው። ከኮቪድ በፊት እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻው ያልሆነ አመልካች በኤስኤቲ ፈንታ ቶፍልን (የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተናን) ከሁለት የትምህርት ዓይነት ፈተናዎች ጋር ለኤምአይቲ ማቅረብ ይችል ነበር። ሒሳብህን በሒሳብ፣ ሳይንስህን በሳይንስ፣ እንግሊዝኛህን በእንግሊዝኛ ፈተና ታሳያለህ። ከዚህ የጠራ ነገር የለም። የትምህርት ዓይነት ፈተናዎቹ በ2021 ቀሩ። ግዴታው ሲመለስ ያ በር አብሮ አልተመለሰም። አሁን ያው ልጅ እንግሊዝኛዋን ሁለት ጊዜ ትፈተናለች፤ አንዴ ለእንግዳ በተሠራው፣ አንዴ ለባለቤቶቹ በተሠራው።

ማስመሪያ፦
በሩ ተዘጋ ብለን እስከ መቼ እናዝናለን? ኤምአይቲ ደጋግሞ ለተፈተነ ሰው ከየክፍሉ ከፍተኛውን ውጤት ነው የሚወስደው። ሒሳቧ 790 ከሆነ እሱ ተቀምጧል። ሙሉ ጉልበቷን ንባቡ ላይ አድርጋ እንደገና ትፈተን። 540 ወደ 640 ቢወጣ ይሄ ሁሉ ክርክር ግማሹ ያበቃል።

ቀመር፦
ምክሩ ጥሩ ነው፤ ለአመልካቹ። የእኔ ጥያቄ ግን ለዩኒቨርሲቲዎቹ ነው። የፈተና ጣቢያው ጎረቤት አገር የሆነበት ተማሪ ስንት ጊዜ ይመላለስ?

ብራና፦
ስለ ቶፍሉ ያልከው አሳመነኝ፤ አልደብቅህም። የንባቡን 540 ብቻውን ይዤ በሩን አልዘጋም። ግን በምትኩ አንድ ነገር እፈልጋለሁ። ኤምአይቲ በ120ው የቶፍል ስሌት ዝቅተኛው 90፣ የሚመከረው 100 ብሎ አስቀምጧል። 540 እና 104 ያላትን ልጅ ያለ ጭንቀት እቀበላለሁ። 540 እና 78 ያላት ግን አንድ ዓመት እንግሊዝኛዋን ብትገነባ ይሻላታል። ይህን የምለው እንዳትሰበር ነው። ከኤምአይቲ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ከውጭ አገር የሚመጣው ከአስር አንድ ገደማ ነው። ያንን ጠባብ ቦታ አግኝቶ በመጀመሪያው ዓመት መውደቅ በጣም ያማል።

ቀመር፦
እሺ፣ «እንበል» ብዬ የጀመርኩትን ልተው። የእህቴ ልጅ ናት። ቶፍሏ 97 ነው።

ማስመሪያ፦
97! ከ90 በላይ፣ ከ100 በታች። እንግዲህ ፍረዱ።

ብራና፦
ድምሩ ብዙ አይነግረኝም። ዘርዝርልኝ።

ቀመር፦
ንባብ 26፣ ማዳመጥ 27፣ ንግግር 23፣ ጽሑፍ 21።

ብራና፦
አየህ፣ ንባቧ 26 ከ30 ነው። ጊዜ ሲሰጧት ታነባለች ማለት ነው። ስለዚህ መምህር ያሉት ትክክል ነው፤ 540ን ያመጣው ፍጥነት ሳይሆን አይቀርም። ሥራ የሚፈልገው ጽሑፉ ነው፤ እሱም በልምምድ የሚመጣ ነው። እኔ መግቢያ ኮሚቴ ላይ ብሆን ይህቺን ማመልከቻ ጠረጴዛው ላይ አቆያታለሁ። እጇ የነካው፣ የሠራችው ነገር አለ?

ቀመር፦
ባለፈው ክረምት ከአሮጌ ሞተር ትንሽ የውኃ ፓምፕ ሠርታለች። ሁለት ጊዜ ተቃጥሎባታል።

ብራና፦
ለምን እንደተቃጠለና ምን እንደቀየረች በእንግሊዝኛ አንድ ገጽ ትጻፍልኝ። መዝገበ ቃላት መጠቀም ትችላለች፤ ሰው ግን እንዳያርምላት። እሑድ ማታ አነበዋለሁ።

ሽቦ፦
የእኔን የላብ ሪፖርት ፎቶ አንስቼ ልላክላት። ቀዩን እንዳለ ትየው።